ጠባሴ ያለው የቅዳሜው የእንግሊዝኛ አነባበብ ትምህርት፦ 8 ሳምንት ተምሬ ያየሁት

ጠባሴ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ አነባበብ ትምህርት ጨርሻለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለሱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፈው።

ትምህርቱ 8 ሳምንት ነው። በሳምንት አንዴ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት። ለጠቅላላው 1,200 ብር ይከፈላል። የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰዋስው አያስተምሩም። ሰላምታና የወሬ ልምምድም የለም። የሚያስተምሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥምሽ እንዴት እንደምትከፍይው፣ ከከፈልሽው በኋላ ደግሞ የቱ ክፍል ላይ ጫን ማለት እንዳለብሽ። በዚህ ብቻ 8 ቅዳሜ እንዴት ይሞላል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው 8 ያንሰዋል።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ስራዬ መድኃኒት ቤት ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ላለ አንድ አከፋፋይ ደውዬ ሃይድራላዚን አዘዝኩ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ካርቶኑ መጣ። ስከፍተው ሃይድሮክሲዚን ነው። ይሄኛው የአለርጂና የማሳከክ መድኃኒት ነው፤ ከግፊት ጋር ምንም አያገናኘውም። መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ ስላየሁት ማንም አልተጎዳም። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት መልሼ ስደውል ልጁ «እህቴ፣ እኔ ጆሮ ላይ የደረሰው እሱ ነው» አለኝ። ወረቀት ላይም የጻፈው እሱኑ ነበር። አልተጣላሁትም፤ አፌ ላይ የሆነ ችግር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው።

ችግሩ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱን ስሞች ከፋፍላችሁ እዩዋቸው። ሃይ-ድራ-ለ-ዚን። ሃይ-ድሮክ-ሲ-ዚን። ሁለቱም አራት አራት ናቸው። መጀመሪያቸው አንድ ነው፣ መጨረሻቸው አንድ ነው። የሚለያቸው መሀሉ ነው፤ እንግሊዝኛም ጫናውን የሚያሳርፈው በትክክል እዚያው፣ ሁለተኛው ላይ ነው። አንዱ «ድራ» ላይ፣ ሌላው «ድሮክ» ላይ። እኔ ደግሞ አራቱንም እኩል አድርጌ፣ አንዱንም ሳልጫን፣ ቶሎ ብዬ ነው የምለው። ስልኩ ሲንኮሻኮሽ እዚያ ማዶ የሚደርሰው «ሃይድ... ዚን» ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ስሞች አሜሪካም ያደናግራሉ። እዚያ ሲጽፏቸው የሚለያዩትን ፊደላት ብቻ በትልልቁ ያደርጓቸዋል፣ ዓይን እንዳይስት ብለው። ለጆሮ ያንን ስራ የሚሰራው ጫናው ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የማልረሳው ነው። ጋሼ ሰሌዳው ላይ እንግሊዝኛ አልጻፉም። «ገና» ብለው ጻፉና አንብቡ አሉ። ግማሹ አጥብቆ አነበበ፣ በዓሉ። ግማሹ አላልቶ አነበበ፣ «ገና አልመጣም» እንደምንለው። «የቱ ነው ትክክል?» አሉ። ዝም አልን። «አለ» ብለው ጻፉ። እሱም እንደዚያው፤ አንዱ «ተናገረ» ነው፣ አንዱ «ይገኛል» ነው። ከዚያ «መጥበቁና መላላቱ የት ጋ ነው የተጻፈው?» ብለው ጠየቁን። የትም አልተጻፈም። «እኛ ጥብቀቱን አንጽፍም፤ አፋችን ያውቀዋል። እንግሊዞች ጫናውን አይጽፉም፤ አፋቸው ያውቀዋል። እናንተ የምትማሩት ያልተጻፈውን ማንበብ ነው» አሉ።

ከኋላ የተቀመጠ ከመንዝ የመጣ ዲያቆን እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ይሄማ የንባብ ቤት ትምህርት ነው» አለ። ግዕዝ ሲነበብ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ አለ አይደል? ያ ሁሉ ፊደሉ ላይ አይታይም። የኔታ አፍ ላይ ነው ያለው። ወዳቂውን ተነሽ አድርጎ ያነበበ ልጅ እዚያው ይታረማል። ዲያቆኑ እንግሊዝኛው ከሁላችንም ያነሰ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ማናችንም አልደረስንበትም። ቃሉን ባያውቀውም የትኛው እንደሚነሳ ይሰማዋል። ልጅነቱን ሙሉ ጆሮው የተገራው በዚህ ነዋ። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ካላችሁ ይሄ ትምህርት ይቀላችኋል።

አሁን ወደ አካሄዱ። ጋሼ የቃሉን ክፍል ሲላብል አይሉትም፣ «ቀለም» ነው የሚሉት፣ ግጥም ስንቆጥር እንደምንለው። ወል ቤት ስድስት ስድስት ሆኖ በአስራ ሁለት ቀለም እንደሚሄደው ማለት ነው። መጀመሪያ ቀለሙ ይቆጠራል። እጅሽን ከአገጭሽ ስር ታደርጊና ቃሉን ትያለሽ። አገጭሽ በወረደ ቁጥር አንድ ቀለም ነው፤ አናባቢ በመጣ ቁጥር አፍ ይከፈታል። ቀላል ይመስላል። ለእኛ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ፊደላችን ያታልለናል። ፕሪስክሪፕሽን የሚለውን በፊደል ቁጠሩት። ስምንት ነው። እንግሊዝኛው ሦስት ቀለም ብቻ ነው፦ ፕሪ-ስክሪፕ-ሽን። እኔ በየተነባቢው መሀል ትንሽ «እ» እየከተትኩ ስድስት አድርጌ ነበር የምጎትተው። ስትሪት አንድ ቀለም ናት። ስንቶቻችን ነን «እስትሪት» ብለን ሁለት የምናደርጋት?

የተገላቢጦሹም አለ። የተጻፈው ረዝሞ የሚነገረው የሚያጥርበት። ኮምፎርታብል ብለን አራት የምናደርገው ሲነገር ብዙ ጊዜ ሦስት ነው፣ ካምፍ-ተ-በል። ቸኮሌት የምንለው ሁለት ነው፣ ቾክ-ለት። ረቡዕም ሁለት ናት፣ ዌንዝ-ዴይ፤ መሀል ላይ የተጻፈችው ዲ አትሰማም። ይሄን አንድ ቅዳሜ ጨረስነው።

ቀለሙ ከተቆጠረ በኋላ ከጭራ ይጀመራል። ይሄ ነው የጋሼ ትልቁ ነገር። ረጅም ቃል ሲመጣ ከፊት አትጀምሩ፣ ጭራውን እዩ ይላሉ። በ«ሽን» ካለቀ ጫናው ከሱ በፊት ያለው ቀለም ላይ ነው፦ ከ-ሚዩ-ኒ-ኬ-ሽን፣ ኬ ላይ። በ«ኢክ» ካለቀም ከሱ በፊት። በ«ኢቲ» ካለቀም ከሱ በፊት፦ ዩ-ኒ-ቨር-ሲ-ቲ፣ ቨር ላይ። የሀገራችን ስም በእንግሊዝኛ ሲጠራ ኢ-ቲ-ኦ-ፒ-ያ ሆኖ ኦ ላይ ይጫናል። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

ጭራው ሲቀየር ጫናው ይሄዳል። ለኔ ከዚህ በላይ የጠቀመኝ የለም። ከራሴ ስራ ልስጣችሁ። ፋርማሲ፣ ጫናው ፋር ላይ። ፋርማሲስት፣ አሁንም ፋር ላይ። ፋርማኮሎጂ ሲሆን ወደ ኮ ይሄዳል። ፋርማሱቲካል ሲሆን ሱ ላይ ያርፋል። አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ክብደቱ ግን እየዞረ ነው። ከ12ኛ ክፍል ጀምሮ እነዚህን ቃላት ሳነብ ሁሉንም በፋርማሲ ዜማ ነበር የማነባቸው።

እዚህ ጋ ደግሞ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ይመጣል። ጫናው የሄደበት ቀለም ጎልቶ ሲነገር የተተዉት ይደክማሉ። አናባቢያቸው ይጠፋና ሁሉም አንድ ዓይነት ደብዛዛ ድምፅ ይሆናሉ። ይሄ ድምፅ ሹዋ ይባላል። ውጭ ሀገር ተዘጋጅተው የመጡ መጻሕፍት ይሄን ለማስረዳት ገጽ ይፈጃሉ። ጋሼ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ «የኛ ግዕዝ ነው፤ የደከመውን ቀለም ወደ ግዕዝ አውርዱት።» ለ፣ መ፣ ረ፣ ተ። ትንሽ ልዩነት አለው፣ ግን በጣም ይቀርባል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ሲጻፍ ፎ-ተ-ግራፍ ይሆናል፣ ጫናው ፎ ላይ። ፎቶግራፈር ደግሞ ፈ-ቶ-ግረ-ፈር፣ ጫናው ቶ ላይ። ፎ ወደ ፈ ወረደ፣ ተ ወደ ቶ ወጣ። ሁለቱ ቦታ ተቀያየሩ! ይሄን ሰሌዳው ላይ በፊደላችን ሲጽፉት ክፍሉ በሙሉ ነው «አሃ» ያለው። ፊደላችን በቆጠራው ላይ አታለለን አልኩ እንጂ እዚህ ጋ የእንግሊዝኛው ፊደል የማይሰጠውን ነገር ሰጥቶናል። እኔ አሁን ደብተሬ ላይ የመድኃኒት ስም የምጽፈው እንደዚህ ነው፤ የደከመው በግዕዝ፣ የተጫነው በራሱ ድምፅ፣ ከስሩ አንድ መስመር።

መጫን ሲባል መጮህ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ እኔም እጮህ ነበር። ጋሼ ብር የምናስርበትን ላስቲክ ለየአንዳንዳችን ሰጡን። ቃሉን ስንል በሁለት እጅ ይዘን የተጫነው ቀለም ላይ እንለጥጠዋለን፣ ሌላው ላይ እንለቀዋለን። ድምፁ አብሮ ይረዝማል፣ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አናባቢውም ይጠራል። ያ ላስቲክ እስካሁን ገንዘብ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

አንድ ነገር ስምም ግስም ሲሆን ጫናው እንደሚቀያየርም ተምረናል። ሬኮርድ ስም ሲሆን ፊቱ ላይ፣ ግስ ሲሆን ኋላው ላይ። ኢምፖርትም እንደዚያው። ቶሎ የሚገባ ነገር ነው፣ አልቆየንበትም።

በአራተኛው ቅዳሜ ጋሼ 45 ፊደል ያለው ቃል ይዘው መጡ። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ደቃቅ አቧራ በመተንፈስ የሚመጣ የሳንባ በሽታ ስም ነው፤ ትልልቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተመዘገቡት ረጅሙ እሱ ነው ይባላል። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። መቁጠር ጀመርን፤ 19 ቀለም። «የፊቱን ተዉት፣ ጭራው ምንድን ነው?» አሉ። ኦሲስ ነው። ቱበርኪዩሎሲስ ላይ ያለው፣ ዳያግኖሲስ ላይ ያለው። አብዛኛውን ጊዜ ኦዋ ላይ ይጫናል፦ ቱ-በር-ኪዩ-ሎ-ሲስ፣ ዳይ-ኧግ-ኖ-ሲስ። ያ ግዙፍ ቃልም መጨረሻው ኮ-ኒ-ኦ-ሲስ ሆኖ ኦ ላይ ያርፋል። ሁላችንም አንድ ላይ አነበብነው። ቃሉን ዕድሜዬን ሙሉ አልጠቀምበትም፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ረጅም ስም አያስፈራኝም።

ከዚያ በኋላ ነው የራሴን ስራ የጀመርኩት። መደርደሪያዬ ፊት ቆሜ የመድኃኒቶቹን ጭራ ማየት ጀመርኩ። በ«ሲሊን» የሚያልቁት ሁሉ ከመጨረሻው ሁለተኛው ላይ ይጫናሉ፦ ፔ-ኒ-ሲ-ሊን፣ ኧ-ሞክ-ሲ-ሲ-ሊን። እግረ መንገዴን፣ ኤል ሁለቴ ተጽፋለች ብላችሁ አታጥብቋት፤ እንግሊዝኛ ላይ ሁለት ፊደል ማለት ጥብቀት አይደለም። በ«ማይሲን» የሚያልቁት ማይ ላይ ናቸው፣ አዚትሮማይሲንን ውሰዱ። በ«ዞል» የሚያልቁት ግን ከመጨረሻው ሦስተኛው ላይ ይሄዳሉ። ኦ-ሜፕ-ረ-ዞል፣ ሜፕ ላይ። ሜት-ረ-ናይ-ደ-ዞል፣ ናይ ላይ። አል-ቤን-ደ-ዞል፣ ቤን ላይ። ይሄ የዞል ነገር ጋሼ ያስተማሩን አይደለም፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት። ለሳቸው ሳሳያቸው ቆም ብለው አሰቡና «ልጄ፣ ይሄንን አንቺ አስተምሪልን» አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳ ፊት አቆሙኝ።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩት።

አንደኛ፣ የሚታደለው ወረቀት። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። የጫና ምልክቷ ከቀለሙ በፊት ከላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሰረዝ ናት፤ ከታች ከሆነች ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ጫና ነው። ወረቀቱ ላይ ግማሾቹ ጠፍተዋል፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ የማሽኑ ቆሻሻ ምልክት መስሏል። ምልክት ለማስተማር የተዘጋጀ ወረቀት ምልክቱ ካልታየ ምን ይሰራል? ለዚህ 1,200 ብር የከፈለ ሰው ንጹሕ ወረቀት ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ሙሉ ቅዳሜ ቃሉ ወረቀት ላይ በትክክል የት እንደሚቆረጥ ስንከራከር አለፈ። ፎቶግራፈር ላይ ያለችው ጂ ከቶ ጋር ትሂድ ወይስ ከረ ጋር? አንዱ ሌላ መዝገበ ቃላት አምጥቶ ሌላ ነገር ያሳያል። እቤት ሄጄ የሜሪያም ዌብስተርን አየሁ። ቃሉ ራሱ ላይ ነጥቧ ጂን ከቶ ጋር አድርጋታለች፣ ከጎኑ ያለው አነባበብ ላይ ደግሞ ከረ ጋር ናት። አንድ መዝገበ ቃላት፣ አንድ መስመር ላይ! ምክንያቱ ያ ነጥብ ለአነባበብ የተቀመጠ አለመሆኑ ነው። መስመር ሲያልቅ ቃሉን የት ሰብሮ ወደ ታች ማውረድ እንደሚቻል የሚያሳይ ነው። ይሄ በአምስት ደቂቃ ተነግሮን ወደ ጫናው ብንሄድ ይሻል ነበር። ድንበሩ በአንድ ተነባቢ ቢገፋ ማንም አይሳሳትም። ጫናው በአንድ ቀለም ቢገፋ ግን ሰሚው ሌላ ቃል ይሰማል፤ እኔ በካርቶን ሙሉ ሌላ መድኃኒት አይቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ከሕጉ የሚወጡት በቂ ቦታ አልተሰጣቸውም። ቴሌቪዥን በጭራው ሕግ ቢሄድ ቪ ላይ መጫን ነበረበት፣ ግን ቴ ላይ ነው። አራቢክም ፊቱ ላይ ነው። ተማሪ ሕጉን አምኖ ሄዶ ሰው ፊት ሲሳሳት ሕጉን በሙሉ ይጥለዋል። አስር የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ቃላት ቢለጠፉልን ይበቃ ነበር። የጋሼ አነባበብ የእንግሊዝ ብቻ መሆኑም አለ። ላቦራቶሪ እንግሊዝ ሀገር ቦ ላይ ነው፣ አሜሪካ ላብ ላይ ነው። እኛ የጤና ሰዎች የምንሰማው ስልጠና አብዛኛው የአሜሪካ ስለሆነ ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልገናል።

አራተኛ፣ ቤቱ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። እኛ የጀመርነው ሰኔ መጨረሻ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጋሼ የሚሉት የተጫነው ብቻ ይሰማል፣ የደከሙት ቀለሞች በሙሉ ይጠፋሉ። የትምህርቱ ግማሽ ደግሞ የደከሙትን መስማት ነው። ሁለት ቀን ዝናቡ እስኪያባራ ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። ብርዱንም ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ሳይዙ እዚያ ቤት ሁለት ሰዓት መቀመጥ አይቻልም።

ለማን ይሆናል? እንግሊዝኛ ከዜሮ ለሚጀምር አይሆንም፣ ፊደሉንና ማንበቡን መቻል አለባችሁ። ለነርስ፣ ለላብራቶሪ ሰው፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጥናቱን ሰው ፊት ቆሞ ለሚያቀርብ፣ ለአስጎብኚ በጣም ይሆናል። ቃሉን በዓይናችሁ እያወቃችሁት አፋችሁ ላይ የሚያስቸግራችሁ ከሆናችሁ የተሰራው ለእናንተ ነው። ስልክ ላይ ያሉት መዝገበ ቃላት ድምፅ ያሰማሉ፣ እጠቀምባቸዋለሁ። ግን ስልክ አንድ ቃል ነው የሚሰጣችሁ። ጋሼ የሚሰጡት ከዚህ በፊት ያላያችሁትን ቃል ራሳችሁ የምትገምቱበትን መንገድ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚያው አከፋፋይ ጋ ደወልኩ። ያው ልጅ ነው ያነሳው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፈልጌ ነበር፤ 19 ፊደል፣ ሰባት ቀለም። ሃይ-ድረ-ክሎ-ረ-ታይ-ኧ-ዛይድ፣ ዋናው ጫና ታይ ላይ፣ ሃይና ክሎ ላይ ደግሞ ቀለል ያለ። አንዴ አልኩት። ልጁ ሳይጠይቀኝ ደገመልኝ። ከዚያ ሃይድራላዚን ጨመርኩ፣ ድራ ላይ ረገጥ አድርጌ። «የደም ግፊቱ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ካርቶኑ ሐሙስ ደረሰ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አዲስ ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል። በሰኔ የሚጀምረው ዙር ላይ አትግቡ፤ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ የሚያርፈውን ያዙ። ጋቢያችሁን አትርሱ፣ ወረቀቱን ደግሞ ከጋሼ ዋናው ቅጂ ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።